ከውሃ የወጣው እንጨት

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ታናሽ እህቴን ከወሎ አስመጥቼ፣ ሻርጃ ውስጥ እኔ በማጸዳበት የኮሌጅ ቤተ ሙከራ አስቀጠርኳት። አጅማን፣ አል ራሺዲያ ሰፈር፣ አንድ ቢድ ስፔስ፣ ማለት የጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ ለሁለት ተከራይተን ነበር።

ቤተ ሙከራው የአንዲት ተመራማሪ ማዳም ነው። ስስ የእንጨት ቁራጮች ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት እህቴ አየቻቸውና አንጀቷ አልቻለም። እኛ አገር አዲስ ገበቴ ውሃ ውስጥ አይተውም፤ ተወልውሎ ቅቤ ይቀባል። እሷም አወጣቻቸው፤ ወልውላ፣ ለእጇ የያዘችውን ቫዝሊን ቀብታ፣ መስኮቱ ላይ ለፀሐይ አሰጣቻቸው።

"ሊያበሰብሱት ነበር እኮ፣ እታለም" አለችኝ እየሳቀች።

ከሰዓት እንጨቱ እንደ ቋንጣ ተኮማትሮ ተገኘ። ተቆጣጣሪያችን ያገር ልጅ ነው። "ከገበቴ ጋር ያደገች አምጥተሽ ላብራቶሪ ከተትሽብኝ" አለኝ። "ነገ ሠራተኛው ሁሉ እያየ የማዳምን ጉልበት ስማ ይቅርታ ትጠይቅ። እምቢ ካለች ኸላስ፣ አበቃ፣ ቪዛዋን አሰርዛለሁ።"

እንጨቱ ምን እንደሆነ ማዳምን ሄጄ ጠየቅኋት። ሳትቆጣ አስረዳችኝ።

"የእንጨቱን ቃጫ አጣብቆ የያዘ እንደ ሙጫ ያለ ነገር አለ። እኔ ያለ ውሃ ፈሳሽ የሆነ ጨው ውስጥ ነክሬ አላላዋለሁ። ቃጫው ያብጣል፣ እንጨቱ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ከዚያ ጨዉ በውሃ ታጥቦ መውጣት አለበት። ሳይወጣ ከደረቀ ያው እንዳየሽው ነው።"

"ታዲያ አትንኩ ብትይን ምን ነበረበት?"

"ለተቆጣጣሪያችሁ ነግሬዋለሁ።"

ደሜ ፈላ። ወጥቼ ተቆጣጣሪውን እዚያው ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

"ነግራህ ነበር?"

"ለጽዳት ሠራተኛ ኬሚስትሪ ላስተምር?"

"ኬሚስትሪህን ማን ለመነህ? አትንኩ ማለት ምላስህን ይሰብረዋል?"

"ድምፅሽን ቀንሺ። አንቺም ትከተያታለሽ።"

ዋላሂ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጥፋቱ የሱ፣ ጉልበት መሳሙ የእህቴ። ማዳምም በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታ፣ በሩን በላያችን ዘግታ ገባች። ከሱ እኩል የተናደድኩት በሷ ነው።

በማግስቱ ሁላችንም ተሰበሰብን። እህቴ ወደ ማዳም ሄደች፤ አልተንበረከከችም። "እንጨትሽ ስለተበላሸ አዝናለሁ" አለቻት። ከዚያ የአንገቷን መታወቂያ አውልቃ ለተቆጣጣሪው ሰጠችው። በወሩ ወደ አገሯ ገባች። አሁን ደሴ ልብስ ትሰፋለች።