የአጎቴ ኪቦርድ የዘገየበት ሳምንት

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ድምፅ መቅዳትን ከስልክ ቪዲዮና ከራሴ ስህተት ለቅሜ ተምሬ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች ክፍል ስቱዲዮ ከፍቼ ነበር። ስቱዲዮ ስላችሁ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን፣ በሩ ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስ የለበሰ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሠርግ ቪዲዮ ስቆርጥ ስለኖርኩ፣ ምት ከጨፋሪ እግር ጋር ሲገጥምና ሲያመልጥ ዓይኔ ወዲያው ይይዘዋል። በዚህ እኮራ ነበር። ያሳተኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

አጎቴን ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው። በልጅነታቸው አቋቋም የተማሩ፣ ከበሮና መቋሚያ ያሳደጓቸው፣ በኋላ ግን ኪቦርድ ይዘው ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ሠርግ ያሞቁ ሰው። ኪቦርዱ ያ ከባዱ ዓይነት፣ ድምፁን ራሱ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲጫወቱ አንድም ደህና ቅጂ አልነበራቸውም። በጥር፣ በሁለት ሠርግ መካከል፣ ደረጃዬን እያለከለኩ ወጡና «ልጄ፣ እጄ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ነገር ይቅርልኝ» አሉኝ።

ከበሮና ጭብጨባውን ቀድሜ ላፕቶፑ ላይ ሠርቼ ስለነበር፣ እሳቸው በዚያ ላይ ተጫወቱ። የመጀመሪያውን ዜማ የኪቦርዱን ድምፅ በራሱ ስፒከር እየሰሙ ነው የተጫወቱት። ለሁለተኛው «ይመችዎት» ብዬ ማዳመጫ አጠለቅሁላቸውና የራሳቸውንም ድምፅ በላፕቶፑ በኩል አሰማኋቸው። ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ አቆሙ። እንደምንም ጨረሱ።

መልሼ ስሰማው ሁለቱም ዘግይተዋል። ጭብጨባው ያርፋል፣ የአጎቴ ጣት ከኋላ ይደርሳል።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ሸጋ ነው፣ አያ።»

ምን ልበል? ታቅፈው ያሳደጉኝን ሰው «ዘግይተዋል» ልበል? እድሜ ነው ብዬ በልቤ ደመደምኩ። ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት ቁጭ ብዬ፣ የመጀመሪያውን ዜማ እንደ ጎመን እየከተፍኩ እያንዳንዷን ድምፅ በምቱ ላይ አስቀመጥኳት። ደግነቱ ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው አስቀርቼ ነበር።

አጎቴ መጥተው ሰሙት።

«ይኼን የተጫወትኩት እኔ ነኝ?»

«አንቱ ነዎት እንጂ ማን ሊሆን ነው?»

«የኔ እጅ እንዲህ አይገተርም።» ትንሽ ሳቅ አሉ። «አሳምረሽ ገንዘሽኛል ልጄ። የቀረኝ ፍታት ነው።»

ልስቅ አልኩ፣ አልሆነልኝም። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ያን ቀን ፊትሽን አይቼዋለሁ። ሰው ሲያረጅ ማንም አይነግረውም፤ ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው ይሉታል። ሳንጃ ያለ አንድ የሠርግ ተጫዋች ኪቦርዱን ሽጡልኝ እያለ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እሳቸው አልነበሩም። ሚስታቸው ከእኔ እድሜ ብዙም ስለማትርቅ አንቺ ነው የምላት፤ እሷም ለእኔ አፏን አትቆጥብም።

«ይሽጠው! ግማሽ ቤት የያዘ ሣጥን ነው» አለች። ወዲያው ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምሳ ላይ እንጀራውን ትቶ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። እጁን እየፈተነ ነው። ምን አድርገሽብኝ ነው?»

«ቅጂው ዘገየ። እድሜ ይሆናል ብዬ…»

«እድሜ? ባለፈው እሑድ አዘዞ አብሬው ነበርኩ። ሴቶቹ ትከሻቸው እስኪወልቅ ነው የጨፈሩ። ምት የሚያጠፋ ሰው ቢሆን አጨብጭበው ባስወረዱት! አንቺ በይሉኝታ ትዋሺያለሽ፤ ጨፋሪ ምን ብሎ ይዋሻል?»

ይህን ስትለኝ እንደ መባነን አደረገኝ። እኔ የሠርግ ቪዲዮ ቆራጭ ነኝ፤ ይህን ከእሷ መስማት አልነበረብኝም። ወደ ስቱዲዮ ተመልሼ የመጀመሪያውን ዜማ ያልተነካ ቅጂ ከፈትኩና፣ በዚያ ሁሉ ከተፋ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ለካሁ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ከምቷ በሃምሳ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይታለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። መሐሉም፣ መጨረሻውም። አንዷም ያን ያህል ሳትዘገይ አልቀረችም፤ አንዷም ከዚያ አልበለጠችም።

ያረጀ እጅ እንዲህ አይዘገይም። ያረጀ እጅ አንዴ ይደርሳል፣ አንዴ ያመልጣል፣ ሲደክም ይብሳል። ይህ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደቀረ ሰዓት ነው። ይዘገያል እንጂ አይሳሳትም። እንዲያውም እንዲህ እኩል ለመዘግየት ምን ያህል የጸና እጅ ያስፈልጋል!

ሁለተኛው ዜማ ለምን እንደተበላሸም ገባኝ። በስልክ ስታወሩ የገዛ ድምፃችሁ ተመልሶ ጆሯችሁ ውስጥ ሲገባ ትንተባተቡ የለ? አጎቴንም እንዲያ ነው ያደረግኋቸው። ጣታቸው ሲያርፍ ድምፁ ላፕቶፑን ዞሮ ዘግይቶ ይመጣባቸዋል፤ ሊደርሱበት ይቸኩላሉ፤ ምቱ ያመልጣቸዋል።

ለማረጋገጥ ድምፅ ወደ ላፕቶፑ ከሚያስገባውና ከሚያስወጣው ሣጥን፣ ከሳውንድ ካርዱ፣ የሚወጣውን ድምፅ በአንዲት ገመድ መልሼ ወደ ራሱ ወደ ሳውንድ ካርዱ መግቢያ ሰካሁት። ምት መቁጠሪያውን፣ ቲክ የሚለውን፣ አጫወትኩና ቀዳሁት። ሰው የለበትም፤ እጅ የለበትም፤ ገመድ ብቻ ነው። ቲኩ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ያህል ዘግይቷል።

ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ፣ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ብዬ በፈር የሚሉትን፣ ድምፅን እያጠራቀመ የሚያቆይበትን ቦታ፣ ከልክ በላይ አስፍቼው ኖሯል። መዘግየቱን ደግሞ ፕሮግራሙ በራሱ ያስተካክለዋል ብዬ አምኜ ተቀምጫለሁ። አላስተካከለም።

ዓርብ ጠዋት ቤታቸው ደረስኩ።

«አያ፣ ያረጁት አንቱ አይደሉም። ላፕቶፑ ነው።»

«አታቆላምጪኝ።»

«እውነቴን ነው።»

«ባለፈው ሳምንትም እውነትሽን ነበር።»

አንድ ጊዜ ለመልካም ብዬ የዋሸሁት እውነቱን ይዤ ስመጣ በር ዘጋብኝ። ሚስታቸው ከጓዳ «ተነሥ፣ አብረሃት ሂድ! ስለ ኪቦርዱ የሚጨነቅ ልብ ለልጂቱም ይራራ!» ባትል ኖሮ የሚነሡም አይመስለኝም።

ስቱዲዮ ስንገባ ምንም አላስረዳሁም። ገመዷን ሰጠኋቸውና ራሳቸው ሰኩ። ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑ። ከዚያ መቁጠሪያውንና የተቀዳውን አብሬ አሰማኋቸው። ቲክ-ቲክ፣ ቲክ-ቲክ። እያንዳንዱ ምት ጥላ አበጅቷል።

አጎቴ አንገታቸውን አዘነበሉ። አቋቋም የተማረ ጆሮ ነው፤ መድገም አላስፈለገም።

«ሁለተኛው ማን ነው?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይነካው ይዘገያል?»

«ማንም ሳይነካው።»

ጣታቸውን አንድ በአንድ ዘርግተው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ያን ቀን ምነው አልነገርሽኝ?»

«ይከፋዎታል ብዬ።»

«ይከፋኝ ነበራ! አልዘገየሁም ብዬ እጣላሽ ነበር። አንቺም ዘግይተዋል ትይ ነበር። ተጣልተን፣ ተጣልተን ያን ዕለት ሳይመሽ እናገኘው ነበር።»

ስቱዲዮዬ ለሚመጣ ሁሉ የሰማሁትን የምናገረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ሥራው ራሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። በፈሩን አጠበብኩት፤ በገመዷ የለካሁትን ያህል ቅጂውን ሁሉ ወደፊት እንዲስብ ፕሮግራሙን አዘዝኩት፤ ቲኩን ደግሜ ብቀዳው በምቱ ላይ ዐረፈ። የአጎቴን ማዳመጫ ድምፆችን በምታደባልቀው በትንሿ ሚክሰር በኩል ከኪቦርዱ ጋር በቀጥታ አገናኘሁና የእሳቸው ድምፅ በላፕቶፑ እንዳይዞር ዘጋሁት። ከበሮው ብቻ ከላፕቶፑ ይመጣላቸዋል።

ሁለቱንም ዜማ ሳያቋርጡ ተጫወቱ። መልሼ ስከፍተው መቀሴን የማነሣበት ቦታ አልነበረም።

«እንዴት ነው?» አሉ፤ አሁን ዓይኔን እያዩ።

«በሁለተኛው ዜማ ሦስተኛው ዙር ላይ ግራ እጅዎ ቸኩሏል።»

«ቸኩሏል!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «እሱ የተቀመጠችውን ሴት ለጭፈራ የማስነሣበት ነው። እንዳትነኪብኝ!»

አልነካሁትም።

ቅዳሜ የሳንጃው ሰውዬ ኪቦርዱን ሊወስድ መጣ። አጎቴ ምሳ አበሉትና እንደማይሸጡ ነገሩት። በማግስቱ ድብ ባሕር ሠርግ ስለነበራቸው ኪቦርዱን ሚኒባስ ላይ አስጫኑ። ሰውዬውንም አብሯቸው እንዲጫወት ይዘውት ሄዱ።