በጊዮርጊስ ቀን የተከመረ ጤፍ

የኛ አገር ሰው በዓል ካከበረ እግዜርን የወደደ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም ስል እድሜዬን ጨረስሁ፤ የሰማኝ የለም።

አምና በኅዳር፣ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቀበሌያችን፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ጤፏን አሳጭዳ ሳትከምረው ሰማዩ ጠቆረ። ልጇ ቡሬ ቀን ሥራ ላይ ነው። ያላት እህል ያው የታጨደው ነው። ቀኑ ደግሞ የወሩ ጊዮርጊስ ሆነና እኛ ማኅበር ተቀምጠናል። ደጅ ቆማ፣ ስለ ጊዮርጊስ ብላችሁ ከምሩልኝ ብላ ለመነች። ሁሉም ዋንጫው ላይ አቀረቀረ። አንደኛው ሰውዬ፣ በዓል ከተሻረ በረዶ ወርዶ ያገሩን እህል ይፈጀዋል አለ። ሌላው ነገ በጧት እንመጣለን አለ፤ ዝናቡን የቀጠረው ይመስል።

ተነሥቼ ስወጣ፣ "ከጊዮርጊስ ጋር ልትታገል ነው?" ብለው ሳቁብኝ።

መንሼን ይዤ ማሳው ስደርስ የንስሐ አባታችን ቀድመውኛል። ከማኅበሩ መቼ ሹልክ እንዳሉ አላየሁም። ጥምጥማቸውን ድንጋይ ላይ አኑረው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ነዶ ይሸከማሉ። እኔ እየከመርሁ ማኅበርተኛውን ተራ በተራ ስሳደብ፣ "አንተ ሰው፣ አፍህን ያዝና ተቀበለኝ" አሉኝ። ክምሩን እንደጨረስን ዝናቡ ወረደ። በረዶ የሚባል አልነበረበትም።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሰዎቹ ግን በዓል ያሻረች እሷ ናት ብለው፣ ለውቂያ ማንም በሬ እንዳይሰጣት ተማከሩ። በቀጣዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ ፊት ድንጋይ ላይ ተንበረከኩ።

"የሻርሁት እኔ ነኝ። እሷን ተዉአትና እኔን ይቅር በሉኝ" አሉ።

ደሜ ፈላ። ጠጋ ብዬ፣ "አባ፣ ምን አጠፉና ነው ይቅርታ የሚሉት?" አልኋቸው።

"እኔ በሬ ፍለጋ ነው የመጣሁ" አሉኝ በቀስታ።

ማንም አላነሣቸውም። ሁሉም እኔን ያያል። የበረዶው ሰውዬ፣ "አንተሳ?" አለኝ። እንኳን ለሱ ለዳኛም ተንበርክኬ አላውቅ። ዳሩ የአባ ጉልበት እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እኔ ቆሜ እስካለሁ እሳቸውም አይነሡ። ጥርሴን ነክሼ ተንበረከክሁ። ያኔ ሰዎቹ፣ እግዜር ይፍታችሁ፣ በሬ እንሰጣለን አሉ። አባ ትከሻዬን ይዘው ተነሡ።

እግዜር የኔን ከትሕትና ይቁጠረው አይቁጠረው እንጃ፤ ውስጤማ ይቃጠል ነበር። በውቂያው ቀን የበረዶው ሰውዬ በሬዎቹን ነድቶ ከሁሉ ቀድሞ መጣ፤ ገና ሳንጀምር፣ በሬ አነዳድ አታውቅም ብሎ ይነዘንዘኝ ጀመር። አባ ዓይናቸውን ጣሉብኝ። ዝም ብዬ ነዳሁ።