የልጁን አስከሬን የለመነው ንጉሥ

ዛሬ ከሰዓት ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ቆምኩ። መንዳት አቃተኝ።

ጎረቤታችን ጋሼ ተሰማ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስላላቸው ራይድ እየሰጠኋቸው ነበር። ልጄ ሜሮን ከኋላ ተቀምጣለች።

ሜሮን ትምህርት ቤት ስለ ጥንት ግሪክ ጀግኖች እየተማረች ነው። እኔን ሰይፍና ጋሻው አሰልችቶኛል፤ ጋሼ ግን "እስቲ ንገሪኝ" አሏት።

ጦር የሚለው ቃል ጠፍቷት "ረጅሙ ቢላዋ" ስትል ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

እንደነገረችን፣ የግሪኮቹ ጀግና የጠላታቸውን የትሮይ ከተማ ንጉሥ ልጅ ገደለው፤ አስከሬኑንም ከሰረገላው ጀርባ አስሮ ጎተተው። ሽማግሌው ንጉሥ ግን ወደ ጠላቱ ድንኳን ሄደ። ልጁን የገደለውን እጅ ስሞ አስከሬኑን ለመነ።

ጋሼ ወደ ኋላ ዞሩ። "ሰጠው?"

"የስ፣ ሰጠው። አብረው አለቀሱ። እስኪቀበር ድረስ ጦርነቱን ስቶፕ አደረጉት።"

"ታድሎ" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

የጋሼ ልጅ ሰለሞን አገር ቤት ጦርነት ላይ ነው የሞተው። መርዶው መጣ፣ አስከሬኑ ግን አልመጣም። የት እንደወደቀ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

"እኔም እኮ እሄድ ነበር" አሉኝ። "ማንን እንደምለምን ባውቅ፣ እጁን እስም ነበር።"

መኪናውን ያቆምኩት ያኔ ነው። ሜሮን ቀበቶዋን ፈትታ ከኋላ አንገታቸውን አቀፈች።

እናንተስ፣ መቃብሩን ሳታዩ ያለቀሳችሁለት ሰው አለ? ስሙን ብቻ እንኳ ከታች ጻፉልኝ፤ ለጋሼ አነብላቸዋለሁ።