«ወረደ!» ሲባል የሚመልስ

ባለፈው ሚያዝያ ከቢሮ ወጥቼ በልጅነት ሰፈሬ፣ በካዛንቺስ ጀርባ ስሄድ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ። የራሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የጭቃና የቀዘቀዘ ድንጋይ ሽታ ነው፤ ወንዛችን ደራሽ ውሃ ሊያመጣ ሲል ከውሃው ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም፣ እግሬ ግን ወዲያው ቆመ።

ወንዙ የሚነሳው ከእንጦጦ ነው። ተራራው ቁልቁለት ስለሆነ ላይ የዘነበው ዝናብ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ፣ ተንደርድሮ ሰፈራችንን አልፎ፣ በኡራኤል በኩል ወደ ታች ይወርድ ነበር። ክፋቱ እኛ ጋ ፀሐይ እያቃጠለ እንጦጦ ላይ መዝነቡ ነው። ስለዚህ ወንዙ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ግዴታ ነበረበት፤ ከላይ ያለው ጎረቤት «ወረደ!» ብሎ ሲጣራ «ሰማን!» ብሎ ይመልስና፣ ዞሮ ከታች ላለው «ወረደ!» እያለ ያስተላልፍ ነበር። የታችኛው እስኪመልስ ድረስ መጣራት አይቆምም፤ ወጥ ቢያርም፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ «ሰማን» የሚል ድምፅ ሳይሰሙ ወደ ቤት መግባት ነውር ነበር። ለእኛ ቤት የሚጣሩልን ከበላያችን ጠምዘዝ ብሎ ባለው ቤት የሚኖሩት ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ነበሩ፣ ከእሳቸው ተቀብላ ወደ ታች የምታስተላልፈው ደግሞ እናቴ ነበረች።

በክረምት ወንዙ አጠገብ ድርሽ የሚል አልነበረም፣ ሌሊት ሲያጓራ ብቻ እንሰማው ነበር። መስከረም ሲጠባ ጎርፉ ጥሎት የሄደውን አሸዋ የሰፈሩ ጎረምሶች እየዛቁ ለግንበኛ ይሸጡ ነበር። በበጋ ውሃው ቀጥኖ ድንጋዮቹ ብቅ ሲሉ ከታች ያሉት ጎመንና ሰላጣ ያጠጡበታል፣ እኛ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን እንውልበታለን፣ ሴቶቹም ጋቢና ብርድ ልብስ ያጥቡበት ነበር። ከእኛ ጋር የምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ትርሲት፣ ጋቢውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግታ በእግሯ እየረገጠች ትዘፍን ነበር፤ እናቴም ከላይ ሆና «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ድምፅሽ ወንዙን እንዳታደርቂብን» እያለች ታበሽቃታለች።

አንድ ዓመት በጥቅምት እትዬ ዘይነባ የልማት ተነሺ ተባሉ። ቤታቸው ፈርሶ በቦታው የእንግዳ ማረፊያ ፎቅ ተሠራ፣ የግንብ አጥሩም ቁልቁል እስከ ወንዙ አፍ ድረስ ወረደ። ከዚያ በኋላ ከላይ የሚመጣው ጥሪ ግንቡ ጋ እየቀረ እኛ ዘንድ አልደርስ አለ። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ እኔን እጄን ይዛ፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፤ ዘበኛቸው «ወረደ» ሲባል ሰምቶ ወደ እኛ እንዲያስተላልፍ ብቻ። ሰውየው ሳቀ።

«እንግዶች ይረበሻሉ እኮ እህቴ። በቃ ስልክ ተደዋወሉ።»

በእኛ መደዳ ስልክ ያለው አንድም ቤት አልነበረም። እናቴ «ጌታዬ፣ ሰው እኮ ወንዙ ውስጥ ይውላል» ስትለው፣ «እንግዲያው አይዋላ!» ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ፋሲካ ሲቃረብ ትርሲት የቤቱን ጋቢ ሁሉ ተሸክማ ወረደች። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እናቴ ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች፣ እንደ ልማዷ አንድ ጆሮዋን ወደ ላይ ጥላ ነበር፣ ምንም አልሰማችም። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ጉምጉምታው። እናቴ ምስሩን በትና «ትርሲት!» እያለች አፋፉ ላይ ስትደርስ ጠፍጣፋው ድንጋይ አይታይም ነበር። ትርሲትን ከኡራኤል በታች አገኟት፣ ጋቢው እግሯ ላይ እንደተጠመጠመ።

ከአጥሩ በላይ ያሉት ጎረቤቶች ለቅሶ መጥተው፣ ያን ቀን ድምፃቸው እስኪዘጋ እንደተጣሩ ነገሩን። «ሰማን» የሚላቸው ስላጡ አላቆሙም ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው «የተፈጥሮ አደጋ ነው» ሲል ሰማሁ። ይህን ቃል እጠላዋለሁ። ተፈጥሮ ምን አደረገ? ውሃው እንደ ድሮው ወረደ። ግንቡን ያቆመው ሰው ነው፣ «አይዋላ» ያለውም ሰው ነው፣ ለቅሶ እንኳ ብቅ አላለም። እናቴ አንድም ቀን ስሙን በክፉ ሳታነሳ ኖረች፤ እኔ ግን የእሷንም ድርሻ ጨምሬ ተናድጄበታለሁ፣ አልበረደልኝም።

አሁን ሰፈሩ ራሱ የለም፣ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። በወንዙ ዳር ድንጋይ ተነጥፎ፣ አበባ ተተክሎ፣ እስከ ውሃው የሚያወርድ ደረጃ ተሠርቷል። አምሯል፣ አልዋሽም። የሚያበግነኝ ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው ጥሪ የሚቀበል አንድ ቤት እንኳ አለማስቀረቱ ነው።

ያን ቀን ሽታው ሲመጣብኝ ቁልቁል ባይ፣ አንድ ወጣትና ፍቅረኛው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ እንጦጦ ደግሞ በፎቆቹ ተጋርዶ አይታይም። «ወረደ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብለው አይተውኝ ሳቁ። ስደግመው ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«እናቴ፣ ምን ሆነው ነው? እዚህ መጮህ ክልክል ነው።»

«ደራሽ ውሃ ነው፣ አስነሳቸው» አልኩት። ፊቴን አይቶ ምን እንደታየው እንጃ፣ ወርዶ አስነሳቸው። ላይ ሳይደርሱ የተቀመጡበትን ደረጃ ውሃው ዋጠው፣ ልጅቷም አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። ወደ ኡራኤል ዞሬ «ወረደ!» እያልኩ ቀጠልኩ፣ ጥበቃው «ተነሱ እኮ እናቴ፣ በቃ» ቢለኝም አላቆምኩም። ድሮ ቢሆን ገና አንዴ ስጣራ ከታች «ሰማን!» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ፣ የመለሰልኝ ሰው የለም።