ያላመመኝን አላሳይም

ጀብራ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጅ፣ አጎቴ አንገሬብ አልጋው ላይ ተቀምጦ አንዷን ሲጋራ ለሁለት ይቆርጥና ግማሿን ለጓደኛው ይሰጥ ነበር። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በሁለቱም ደም ውስጥ ስለነበር መድኃኒታቸውን የሚወስዱትም ከአንድ ክሊኒክ ነው። ሐኪሟ፣ «ቫይረሱ ላይ ሲጋራ ሲጨመር ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል፤ ሳል እስኪመጣ ሳትጠብቁ ሲቲ ስካን ተነሡ» አለቻቸው። ጓደኛው ሄደው ተነሡ። አጎቴ ግን እንደ ልማዱ፣ «ያላመመኝን ለሐኪም አላሳይም፣ ኸላስ፣ አበቃ!» አለ። መድኃኒቱን አንድም ቀን ስለማይረሳ ሌላ በሽታ የሚደፍረው አይመስለውም ነበር።

የጓደኛው ካንሰር ገና በእንጭጩ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። የአጎቴን ካንሰር የነገረን ግን ሳሉ ነው፤ ያኔ ረፍዶ ነበር።

ጓደኛው አሁንም ዓርብ ዓርብ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ሲጋራ ትተዋል፣ ወፈር ብለዋል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እቀናባቸዋለሁ። ሳቃቸው እንኳ የአጎቴ ድርሻ ይመስለኛል። ሲጋራ ለሁለት የሚካፈሉ ሰዎች መዳኑን ለምን አልተካፈሉም?

ባለፈው ዓርብ አላስችል አለኝና፣ «ጋሼ፣ ምናለ ጎትተው ቢወስዱት ኖሮ?» አልኳቸው።

«እጁን ይዤ ለምኜው ነበር፣ ልጄ። ሳቀብኝ።»

በእጃቸውም ቀናሁ። እኔ የአጎቴን እጅ የያዝኩት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።