ጋሼ ደምሴ በጉም ውስጥ የጠሩን ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ከቀያችን ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን ዳር መጠለያ በገባንበት ዓመት፣ ከጨለማ ይበልጥ የምፈራው ድንገተኛ ድምፅ ነበር። ነፋሱ የድንኳናችንን ሸራ ሲያንኳኳው ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። ታናሽ እህቴ ሰብለ ግን አትደበቅም፤ ወዴት እንደሆነ ሳታውቅ ትሮጣለች።

እኛ ተፈናቃይ ልጆች የምንማረው በአንድ ሰፊ ድንኳን ውስጥ ነበር። አስተማሪያችን ጋሼ ደምሴ ጡረታ የወጡ የአንኮበር ሰው ናቸው። ቀን ፊደልና ሒሳብ ያስተምሩናል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ የድንኳኑን በር ገልጠው፣ ከሰል አቀጣጥለው፣ የባትሪ ፋኖስ ምሰሶው ላይ ሰቅለው ተረት ይነግሩናል። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ጉልበታችንን አቅፈን ወደ ፍሙ እንጠጋለን፤ እኔ ግን ለበሩ ጀርባዬን መስጠት ስለምፈራ ዞር ዞር እያልኩ አያለሁ። ሰብለ በየተረቱ መሃል «ከዚያ ቤቱ ይቃጠላል?» ብላ ትጠይቃለች። ማንም አይስቅባትም። ጋሼም «ቆይ እስቲ፣ አብረን እንስማው» ይሏታል።

አንድ ምሽት ጉሙ ድንኳኖቹን እስኪውጥ ድረስ ወረደ። ጋሼ ስለ አንዲት ሚዳቋ እያወሩልን ሳለ ከአስፋልቱ በኩል የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ። ጎማ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። ሁላችንም ተነሥተን ተበተንን። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ እንደተወሸቅሁ ሰብለ አብራኝ እንደሌለች አወቅሁ። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። የመኪኖቹ መብራት በጉሙ ውስጥ ደብዝዞ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ከዚያ የጋሼ ድምፅ ተሰማ። ማንንም በስም አልጠሩም። እንደ ወትሯቸው ረጋ ብለው፣ ግን ከፍ አድርገው «ተረት ተረት» አሉ።

ጥቂት ጠበቁና ደገሙት።

«የላም በረት» አለ አንድ ልጅ ከመጸዳጃው በኩል። ሌላው ከድንኳኖቹ መካከል ተቀበለው። እኔም አልኩ፤ ድምፄ በዚያ ቃል ተከፈተ። እሳቸው በጠሩ ቁጥር ልጆች አንድ በአንድ ከጉሙ እየወጡ ወደ ፋኖሱ ተሰበሰቡ። ሰብለ ብቻ የለችም።

ከአስፋልቱ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ጋሼ ፋኖሱን ከምሰሶው አውርደው ወደዚያው አቀኑ፤ ተከተልኳቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር መብራቱ መሬቱ ላይ ይዋዥቃል። ድምፃቸው ግን ያው ነው፤ «ተረት ተረት»።

«የላም በረት» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ።

ወርደው አወጧት። ጭቃ በጭቃ ሆና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«ቤቱ ተቃጠለ?» አለቻቸው።

«አልተቃጠለም፣ ልጄ። ጎማ ነው የፈነዳው። እናትሽም ድንኳናችሁ ውስጥ ናት፤ አሁን አደርስሻለሁ።»

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ሁላችንንም አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጎማ ጠጋኝ ወሰዱን። የፈነዳውን ጎማ በእጃችን ዳሰስነው፤ ሰብለ ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን ከታ ብዙ ቆየች። ከዚያ በኋላም አንዳንዴ ትደነግጥ ነበር፤ ነገር ግን የአጠገቧን ልጅ እጅ መያዝ ለመደች።

ፍርሃት ከሰው ጨርሶ ይወጣል ብዬ አላምንም፤ ከእኔም አልወጣም። ልጅ ሆኜ ትልቅ ሰው የማይፈራ ይመስለኝ ነበር። ያን ምሽት ግን ጋሼ እየፈሩ ሲጣሩ አየሁ። ዛሬ የደነገጠ ልጅ ሲያጋጥመኝ «አትፍራ» አልለውም። ልቤ እየመታ አጠገቡ እቀመጥና፣ ሊመልስልኝ የሚችለውን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ እስኪመልስልኝም እጠብቃለሁ።