በበረዶ ላይ የተሰጣ በርበሬ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የዶርም ጓደኛዬ ከቤት የተላከላትን ፌስታል ስትፈታ ሦስት ጊዜ አከታትዬ አነጠስኩ። ዛላ በርበሬ ነበር፤ ገና ያልተፈጨ፣ ፀሐይ የጠገበ። "መስኮቱን ልክፈትልሽ?" አለችኝ። "ተይው" አልኳት። አፍንጫዬን እያቃጠለኝም ቢሆን ሽታው እንዲወጣ አልፈለግኩም። ቡታጅራ ወስዶ፣ አንዲት ጠባብና ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀምጦኝ ነበር። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።

ጎረቤታችን፣ እኔ "እትዬ" የምላቸው ሴት፣ በርበሬ ይነግዱ ነበር። ከመስቃን ገጠር የሚመጣላቸውን ዛላ ግቢያቸው ሙሉ ሸራ ላይ ያሰጡታል፤ በአጥራችን ቀዳዳ ሳየው መሬቱ ራሱ የቀላ ይመስለኝ ነበር። በዘቢዳር ተራራ በኩል ደመና ብቅ ካለ ሰፈሩ ሁሉ ድምፃቸውን ይሰማል፦ "ሰብስቡ! ዝናብ መጣ፣ በርበሬውን ሰብስቡ!" ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው አንድ ልጃቸው ነበር። ሲሮጥ እንደ ሕልም ትዝ ይለኛል፤ በጣም ትንሽ ነበርኩ።

ያ ልጅ ከክፍል ጓደኛው ጋር ተመዝግቦ ወደ ሰሜኑ ጦርነት ሄደ። ሁለቱ በአንድ መኪና ሄዱ፤ ጓደኛው አንድ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። የእትዬ ልጅ ግን መርዶው መጣ። በወረቀቱ ላይ ስሙ አለ፤ የት እንደ ወደቀ፣ እንዴት እንደ ሆነ፣ ማን አጠገቡ እንደ ነበር የሚል አንድም መስመር የለም።

"የተመለሰው ልጅ ያውቃል" እያለ ሰው ያወራ ነበር። እሱ ግን ለቅሶ እንኳ አልደረሰም። በእኛ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተጣላ ሰውም ለቅሶ ይደርሳል። ዓመታት ካለፉ በኋላም እትዬን መንገድ ላይ ካያቸው እግሩን እየጎተተ ወደ ማዶ ይሻገራል። እሳቸውም ሰው አልላኩበትም፣ በክፉም አላነሱትም። በርበሬያቸውን መልቀም ቀጠሉ።

የሚገርመው የዚህ የተመለሰው ልጅ ሥራ መናገር መሆኑ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም ወደ አማርኛ ይተረጉም ነበር። ድምፁ በሩ ላይ ከተሰቀለው ሞንታርቦ ወጥቶ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል። እኛ ቤት ፊልም ክልክል ነበር፤ አባቴ አስተማሪም የጸሎት ቤት ሽማግሌም ስለሆነ "የዓለም ነገር ነው" ይላል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎንብሼ እሰማለሁ። በእሱ ትርጉም የማንም አገር ጄኔራል ክትፎ አዝዞ ይበላል። አንድ ወንበዴ ከፖሊስ ሲያመልጥ "አለቀ! ከመናኸሪያችን የቆሼን ሚኒባስ ተሳፈረ!" ሲል ከግድግዳው ማዶ ሳቁ ይፈነዳል። ውስጡን ለማየት የነበረኝን ጉጉት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት እትዬ የበርበሬ ብናኝ ከሻሻቸው ሳይራገፍ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

"አንቺ የመምህሩ ልጅ፣ ያ ፊልም የሚያሳዩበት ቤት በሩ በየት በኩል ነው?"

"ለምን ፈለጉት፣ እትዬ?"

"ዛሬ የጦርነት ነው አሉኝ። ልጄ የሞተበት ነገር ምን እንደሚመስል ማወቅ እፈልጋለሁ። ነይ ውሰጅኝ።"

"አባቴ ከሰማ ይገለኛል።"

"እኔ ጎትቼ ወሰድኳት እለዋለሁ። ኃጢአቱ ካለ በእኔ ይሁን" ብለው ሳቁ።

ክፍሉ ላብና የጫት ቅጠል ይሸታል። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን በጭሱ መካከል ቀጭን ቀጭን ክር ሠርቷል። ፉጨቱና ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ልክ ሰው ቤት እንደሚገቡ "አሰላሙ አለይኩም" አሉ። ፉጨቱ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ጎረምሳ በአንድ ድምፅ "ወአለይኩም ሰላም" ብሎ መለሰ። አንዱ ጫቱን ከጃኬቱ ሥር ወሸቀ፤ ሌላው ተነስቶ "እትዬ፣ እዚህ ይሻልዎታል" አላቸው።

ገና እንደተቀመጥን ከፊታችን አንዱ አነጠሰ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ መደዳው በሙሉ። "ኧረ በርበሬ ለቀቁብን!" ብሎ አንዱ ሲጮህ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ተርጓሚ ሊስቅ ዞረ፤ እትዬን አያቸው። ማይኩ ከእጁ ወድቆ ሞንታርቦው ክፉኛ ጮኸ።

"ተርጉም እንጂ!" አሉት ከኋላ።

ቀጠለ፤ ግን ክትፎም ሚኒባስም የለም። እኔ ልቤ በስክሪኑ ላይ ነበር። ሜዳው በሙሉ ነጭ ነው። "እትዬ፣ ያ ነጩ ምንድነው? ዱቄት ነው? ጨው ነው?" ስላቸው "ዝም ብለሽ እዪ" አሉኝ። ወታደሮች ነጩን ነገር ቆፍረው ምሽግ ይሠራሉ። ከዚያ መድፉ ጀመረ፤ ሞንታርቦው አግዳሚውን አንቀጠቀጠው። አንድ ቀጭን ወታደር ወደቀ። ጓደኛው ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘው። የወደቀው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ተርጓሚው ዝም አለ።

"ምን አለ?" "ማይኩ ሞተ እንዴ?" "ገንዘባችንን መልስ!"

በጩኸቱ መካከል እትዬ ድምፃቸውን ሳያነሱ "ልጄ፣ ምን አለ?" አሉት።

ተርጓሚው ወደ ቴሌቪዥኑ አላየም። "'እማ'" አለ፤ የማውቀው ድምፁ አልነበረም። "'እማ፣ ዝናብ መጣ፣ በርበሬውን ሰብስቢ' ነው ያለው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "በበረዶ ላይ በርበሬ!" "ማረቆ ነው እንዴ የተዋጉት!" እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እትዬ አልሳቁም።

"ዝናብ ነበር?" አሉት።

"አልነበረም። የመድፉን ድምፅ ነጎድጓድ መስሎት ነው።"

"ብዙ ቆየ?"

"አልቆየም።"

"ብቻውን ነበር?"

"አይ። ጓደኛው ይዞት ነበር።"

ሳቁ ከፊት አግዳሚዎች ጀምሮ እየሳሳ ሲሄድ አስታውሳለሁ። ለምን እንደሳሳ ግን አላሰብኩም፤ ዓይኔ ነጩ ሜዳ ላይ ነበር። እትዬ ሻሻቸውን አስተካክለው "በቃኝ፣ እንሂድ" አሉኝ። ፊልሙ አላለቀም ነበር፤ አኮረፍኩ።

ዘንድሮ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ጦርነትና ሐዘን በመጻሕፍትና በፊልም እንዴት እንደሚታዩ ሲያስተምሩን አንድ ፊልም አሳዩን። ነጩን ሜዳ ሳይ ወዲያው አወቅኩት። ፊልሙ እንግሊዝኛ እንኳ አልነበረም፤ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረው። ደብተሬን ከፍቼ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ፣ የቀጭኑን ወታደር መውደቅ ጠበቅኩ። ወደቀ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። "ሲጋራ አለህ?" ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም።

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የራሴን ዕቃ የተሰረቅኩ መሰለኝ። ለዕረፍት ቤት ስገባ ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ እትዬ ግቢ ሄድኩ። አርጅተዋል። ሸራው አጠገብ ተቀምጠው ከዛላው እንጨቱን ይነቅላሉ። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው፤ ወታደሩ ያለው ሌላ መሆኑን፣ ፊልሙ እንግሊዝኛ እንኳ አለመሆኑን።

"እንግሊዝኛ ቢሆንስ?" አሉ ሳቃቸው እየመጣ። "ያ ልጅ የእንግሊዝኛ ፈተና ከማን ይኮርጅ እንደነበር አታውቂም? ከልጄ ነው እኮ!"

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እጃቸው ሥራውን ሳያቆም እንዲህ አሉኝ፦

"እኔ ፊልሙን አልጠየቅኩም፣ እሱን ነው የጠየቅኩት። ቤቴ መጥቶ መንገር አቃተው። እዚያ ግን ማይክ ሲይዝ ይናገራል አሉኝ፣ ሄድኩለት። ልጄን የያዘው እሱ ነው። በማግስቱ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ፤ እዚህ፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ። ዘግይቶም ቢሆን መጣ።"

"ያኔ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"አልጠየቅሽኝማ" አሉ። "አንቺ ስለ በረዶው ነበር የምትጠይቂኝ።"

እውነታቸውን ነው። ከቪዲዮ ቤቱ እስከ በራችን ድረስ ቀሚሳቸውን ይዤ እየተከተልኩ በረዶ ይበላ እንደሆነ፣ ሽታ እንዳለው፣ ሲረግጡት ድምፅ እንደሚያሰማ እጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል በሰሙበት ሰዓት፣ አንዱንም ጥያቄዬን ሳያልፉ ይመልሱልኝ ነበር። በራችን ላይ ደርሰን እንኳ አልለቀቅኳቸውም፤ ፀሐይ ሲወጣ በረዶው ወዴት ነው የሚሄደው አልኳቸው።

"እንጃ ልጄ" አሉኝ፣ ከፀጉሬ ላይ የበርበሬ ብናኝ እያራገፉ። "ይቀልጣል መሰለኝ።"